አሥራ ሰባት ጊዜ ጎንደር

አባቴ ርቀትን በኪሎ ሜትር ለክቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአዲስ አበባና በጎንደር መካከል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የማያውቀውን አገር ሲጠሩለት የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ምሳ የት ይበላል፣ የት ይታደራል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የገባሁ ዕለት ደውዬ በሰላም መድረሴን ስነግረው እግዜር ይመስገን አለና ወዲያው የት እንዳደርኩ ጠየቀኝ። አየር ላይ አልኩት። ሹፌሩስ አለኝ። ሹፌሩም አየር ላይ ነው ያደረው ስለው ደስ አላለውም። በእሱ ዘመን ሌሊት የሚነዳ ሹፌር ወይ ሰካራም ነው ወይ ሌባ።

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሰዓት ነው። እኔ የዚህን በፈረንጅ አቆጣጠር እነግረዋለሁ፣ እሱ የራሱን በእኛ አቆጣጠር ይነግረኛል። ጠዋት ሥራ ልገባ ስል «ስምንት ሰዓት ነው» እለዋለሁ፤ እሱ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ሆኗልና «እኛ ዘንድ አሥር» ይለኛል። ስምንትና አሥር። አባቴ በዚህ ተነስቶ እኔ ያለሁባት ሚኒያፖሊስ ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት መንገድ ናት ብሎ ደመደመ። ልዩነታችን ስምንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስድስቱን የበላው የራሳችን አቆጣጠር እንደሆነ ላስረዳው ብዙ ደከምኩ። እሱ ግን የሚያምነው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ማለት በእሱ መንገድ ፍቼ ማለት ነው፤ ቁርስ የሚበላበት። በኅዳር እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ሁለቱ ሦስት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክረምታችሁ ሲገባ ትንሽ ትርቃላችሁ ይለኛል። በረዶው መንገዱን አዘግይቶት ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ታላቋ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ከአያቷ ጋር ግን ሁለቱም በየቋንቋቸው እያወሩ ከእኔ የተሻለ ይግባባሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት፣ ሁለት ሩቅ ከተሞች መርጣችሁ ርቀታቸውን ለኩ የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ለልደቷ የተሰጣትን ሉል አወረደች፣ ከእናቷ መስፊያ ሳጥን ቀይ ክር መዘዘች። ክሩን ከሚኒያፖሊስ አዲስ አበባ ስትወጥረው ውቅያኖሱን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሰሜን ተንሸራቶ በካናዳ በኩል ዞረና አውሮፓ ላይ ወረደ። አሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ።

ለአባቴ በስልክ ነገርነው። ሲያሰላ ትንፋሹ ይሰማን ነበር።

«አሥራ ሰባት ጊዜ ጎንደር» አለ። «አንዱ ጎንደር ሁለት ቀን ነው። ሠላሳ አራት ቀን መሆኑ ነው። ጎማ አይተርፈውም።»

ታዲያ እኔ እንዴት በአንድ ቀን እንደደረስኩ ስጠይቀው፣ ልጅቷ ክሩን ላላ አድርጋ ይዛው ይሆናል አለኝ። የሁለት ሰዓቱን ነገር እንዲህ በዋዛ አይለቅም።

ሁለተኛዋ ልጃችን ሐምሌ ውስጥ ተወለደች። ሴት ናትና ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው። ይህ ለማንም ቤት የድግስ ጉዳይ ነው፤ ለአባቴ ግን የቆየ ዕዳ ነበር።

የእኔን የክርስትና ቀን ታሪክ የሰማሁት ከእናቴ ነው። ነፍሷን ይማርና፣ ሳታነሳው ያለፈ ፋሲካ አልነበረም። በአርባኛ ቀኔ ዋዜማ አባቴ ከጎንደር ሲመለስ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ላይ ተሰበረበት። መንገደኞቹን ይዞ መለዋወጫ እስኪመጣለት በዚያ ሐሩር ዋለ፣ አደረም። በማግስቱ ማታ ቤት ሲደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። እናቴ ያስቀመጠችለትን ዶሮ አቀረበችለትና ያን ቀን ምንም አላለችም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ስትለው ኖረች። አባቴ አንድም ቀን አልመለሰላትም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። የታላቋ ልጄ ክርስትና ጊዜ ደግሞ ቪዛ ከለከሉት። እንግዲህ የሁለተኛዋን መወለድ ስነግረው አንድ ነገር ብቻ አለኝ።

«የዚችን ግን በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ።»

ሰማንያኛው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ቪዛው የወጣው የዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ባለቤቴ እጅ ላይ ሕፃኗ፣ እኔ እጅ ላይ ኮምፒውተሩ፣ ሁለታችንም በረራ እየፈለግን ተቀመጥን፤ አንዲት ብቻ የምትሆን በረራ አገኘን። ከቦሌ ተነስቶ፣ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ፣ በሃያ ሁለት ሰዓት ተኩል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ ይደርሳል። ከእሷ ወዲያ ያሉት ሁሉ ከክርስትናው በኋላ የሚያደርሱ ነበሩ። ቆረጥነው።

በቤተሰባችን የሰዓት ሊቅ እኔ ነኝ። ዘመድ አዝማድ ከአገር ቤት ሲመጣ የበረራውን ሰዓት የሚያስተረጉመው እኔን ነው፤ እኔም እንደ ደብተራ እኮራበታለሁ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቅዳሜ፣ ከእኩለ ሌሊት ሠላሳ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። በእኛ ሲመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል። ለአባቴ ደወልኩና ቅዳሜ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል አልኩት። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ ሲጽፈው ሰማሁ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ፣ እየደጋገምኩ ነው ያፈሰስኩት።

ሥራዬ በሽተኞችን ከቤታቸው ሐኪም ቤት በቫን ማመላለስ ነው። አባቴ ስንት ሰው ትጭናለህ ብሎኝ ሦስት ስለው፣ ታክሲ ነው በለኛ ብሎ አፊዞብኛል። ዓርብ ቀን ከኩላሊት እጥበት የመጡ ባልቴት ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚባል ሰፈር ቤታቸው አድርሼ፣ ወንዙ ዳር ቫኑን አቁሜ ምሳዬን ፈታሁ። ቀኑ ሞቅ ያለ ነበር፤ ቅጠሉ ገና መቅላት መጀመሩ ነው። ባለቤቴ ደወለች።

«አባባ ወደ ኤርፖርት ወጥተዋል?» አለችኝ። «ፍላይታቸው አራት ሰዓት ነው የቀረው እኮ።»

እህቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ የሚኖረው ከእሷ ጋር ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እንዴት ነው፣ ጉዞው ተጀመረ ወይ ስላት ሳቀች። ምን ያስቸኩልሃል፣ ነገ ማታ አይደል የሚሄደው አለችኝ።

ክው አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰዓቱን ወደ እኛ መልሼዋለሁ፤ ቀኑን ግን በፈረንጅ ትቼዋለሁ። እነሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቀን ይለወጣል፣ ቅዳሜ የሚባለው ዓርብ ማታ ሰው ሳይተኛ ይገባል። እኛ ዘንድ ሌሊት የሚቆጠረው ከዋለው ቀን ጋር ነው፤ ዓርብ የዋለ ሰው እስኪነጋ ዓርብ ላይ ነው ያለው። «ለቅዳሜ አጥቢያ» ማለት ነበረብኝ። አያቶቼ የማይሳሳቱትን አንዲት ቃል አጉድዬ አባቴን ለሦስተኛ ጊዜ ከክርስትና አስቀረሁት። በአሥር ዓመት የአሜሪካ ኑሮዬ እንደዚያ ቀን ራሴን ተናድጄበት አላውቅም።

አሁኑኑ አገናኚኝ፣ በረራው ዛሬ ነው አልኳት። ሳቋ ቆመ።

«የለም እኮ» አለች። «መንገዱን ሊያይ ወጥቷል።»

አባቴ ያልሄደበትን መንገድ አስቀድሞ ሳያይ መኪና አስነስቶ አያውቅም። አዲስ መስመር ሲሰጡት በእረፍት ቀኑ በሌላ ሰው መኪና ሄዶ ኩርባውን፣ ድልድዩን፣ ነዳጅ ማደያውን አይቶ ይመለሳል። ለቦሌም እንደዚያው አሰበ። ነገ ሌሊት ከመደናበር ዛሬ በቀን ልየው፣ በር የትኛው እንደሆነ፣ ሻንጣ የት እንደሚመዘን ልወቅ ብሎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቷል። ሻንጣውንም ይዞ ነው የሄደው፤ ጭነት ሳይኖር የታየ መንገድ አልታየም ይላል። ለራት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ከወጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖታል፣ አልተመለሰም። ስልኩስ ስላት፣ ስልኩ ቤት ቻርጅ ላይ ተሰክቷል አለችኝ። ሙሉ ልብሱም ለነገ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

እህቴ ታክሲ ይዛ ቦሌ በረረች። ቲኬት የሌለው ሰው ወደ ውስጥ አይገባምና በር ላይ ቀረች። ለጥበቃዎቹ መልኩን፣ ቡኒ ሹራቡን፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣውን ነገረቻቸው። ሰዎቹ ገና ፈረቃ መቀየራቸው ነበር፤ ያየ አልተገኘም። እኔ ከሰዓት በኋላ የማደርሳቸው ሦስት በሽተኞች ነበሩኝ፤ ኩላሊት የማንንም ችግር አይጠብቅም። አየር መንገዱ ጋ ደውዬ አባቴ ተሳፍሯል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ በትሕትና የመንገደኛ ስም አንናገርም አለችኝ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ አውሮፕላኑ ከቦሌ መነሳቱን ስልኬ ላይ አየሁ። አባቴ ውስጡ ይኑር፣ ቦሌ ዙሪያ ይጥፋ፣ የሚያውቅ አልነበረም።

ብሩክሊን ፓርክ ያለው ቤታችን ስገባ ሽንኩርት ተልጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ድግሱ ተፋፍሟል። ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ እሷም ፊቴን አይታ ሕፃኗን ሰጠችኝ። ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሁለት ቀን የቀራት ልጅ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አያትሽን እኔ ነኝ ያስቀረሁብሽ አልኳት፣ በሆዴ። ታላቋ ግን ስናወራ ሰምታ ኖሮ ሉሉን አውርዳ ክሯን ወጠረች፣ የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ተለጣፊ ወረቀት አምጥታ ቦሌ ላይ ለጠፈች። የስልኬን ካርታ እያየች ተለጣፊውን በክሩ ላይ ወደፊት ትገፋዋለች። ካይሮን ሲያልፍ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዳድ፣ ኢዝ ሂ ኢን ኢት?» ውስጡ አለ ወይ ማለቷ ነው።

አላውቅም አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ አያቴ መንገድ አይጠፋበትም አለች፣ በእንግሊዝኛ። አባት ለልጁ የሚለውን ልጅ ለአባቷ አለች።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሂድ ጠብቀው አለችኝ። ቢኖርም ባይኖርም ሰው ሳይቀበለው መቅረት የለበትም፤ ባይኖር የምታፍረው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው፣ እሱ ኖሮ አንተ ባትኖር ግን እኔ ፊት ነው አለች። ታላቋን ይዤ ሄድኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከአሥራ ሰባቱ ጎንደር ሁሉ የረዘመብኝ እሱ ነው። አውሮፕላኑ አርፏል። በሩ ላይ ቆምን። አንድ ሰዓት ያህል ምንም የለም፤ ከዚያ ሰው መውጣት ጀመረ። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ የተኛ ልጅ የታቀፉ ባልና ሚስት ወጡ። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ሲወጡ ልቤ ተንጠለጠለ፤ የእሳቸው ልጆች ተንጋግተው ተቀበሏቸው። የሚወጣው ሰው እየሳሳ መጣ። አብራሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። አስተናጋጆቹ ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ልጄ እጄን ያዘች። ከዚያ በሩ እንደገና ተከፈተ።

ቡኒ ሹራብ። በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ አንዱ ሠራተኛ እየገፋለት። በእጁ ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሕፃን ኮፍያ ይዟል።

ለካ ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ነው የጠበቀው። ሹፌር መጨረሻ ነው የሚወርደው ይላል፣ ከዚያ በፊት ወንበር ለወንበር እየተዘዋወረ የተረሳ ዕቃ ያያል። እዚያም አየ። ኮፍያ አገኘና ባለቤቱን ሲፈልግ ነው የዘገየው። ሮጬ አቀፍኩት። በአደባባይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፈርኩምም። እሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፣ መጀመሪያ ቀኑን ጠየቀኝ።

«ቅዳሜ ነው፣ አባዬ።»

«በማን?»

«በሁለታችንም» አልኩት።

ከቦሌ የሆነውን መኪና ውስጥ አጫወተን። በሩን ብቻ አይቶ ሊመለስ ነበር። ጥበቃው ቲኬትዎን ያሳዩኝ አለው፤ ፓስፖርቱና ቲኬቱ ቪዛው ከወጣ ጀምሮ፣ እንደ መንጃ ፈቃዱ፣ ከደረት ኪሱ ተለይተው አያውቁም። ጥበቃው አይቶ፣ አባት፣ የእርስዎ ዛሬ ሌሊት ነው፣ ይግቡ አለው። አባቴ ተከራከረ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ የእኔ ቅዳሜ ነው አለ። ጥበቃው ታግሶ አስረዳው፤ በፈረንጅ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቅዳሜ ይገባል። የማንንም ስልክ ቁጥር በቃሉ አያውቅምና ደውሎ መጠየቅ አልቻለም። ራት ቤት ይጠብቀዋል፣ ሙሉ ልብሱ ተሰቅሏል። ሻንጣውን አየ፣ በሩን አየ።

«ዓባይ በረሃ ትዝ አለኝ» አለ። «ገባሁ።»

ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ እነዚህ ሰዎች ቀን የሚለውጡት ሰው ሲተኛ ነው፣ ሰው እንዳያይባቸው የሚደብቁት ምን አለ ብሎ ጠየቀ። እህቴ ስንደውልላት ስልኩ ላይ ጮኸችበት፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፤ ራትህ ቀዝቅዟል አለችው። ሃያ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን አሁንስ አመንክ ወይ ስለው፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ የቀረው መቆሚያ በማጣት የጠፋ ጊዜ ነው አለኝ።

እሑድ ሌሊት ተነስተን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የአባቴ ሙሉ ልብስ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ነውና የእኔን ለበሰ፤ እጅጌው ስለረዘመበት ባለቤቴ ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችለት። ላዩ ላይ ነጠላ አጣፋ። የእኔን ልብስ ለብሶ፣ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ቆሞ ሳየው ከኋላው ማን እንደሆንኩ ለአፍታ ጠፋኝ። ቄሱ ሕፃኗን ከውኃው ሲያወጧት ጣራው እስኪሰነጠቅ አለቀሰች። አባቴ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«አንተም እንዲህ ነበር ያለቀስከው?»

እናቴ ሰፈሩን አናወጠው ትል እንደነበር ነገርኩት። የጠየቀኝ ስለማያውቅ ነው፤ ማንም ነግሮት የማያውቅ ነገር መሆኑን እዚያው ቆሜ ነው የተረዳሁት። ለካ እሷ የምትወቅሰውን እንጂ የቀረበትን አልነገረችውም ነበር፤ እሱም ሊጠይቃት ድፍረት አልነበረውም። ሕፃኗን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«በል፣ ያንተንም ደረስኩ» አለኝ።

እጁን ብቻ ያዝኩት። ዝማሬው አልቆ ስንወጣ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ሕፃኗ እናቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች፣ ታላቋም የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ለአያቷ ሰጠችው። እሱ የመኪና ማቆሚያውን ዙሪያውን አየና፣ እንግዲህ ምሳ የት ነው የሚበላው ብሎ ጠየቀኝ።